የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ምርጫው ከምርጫው ቀን በፊት

ባለፈው ዕትም ስለ ክልል ምክር ቤት አባላት ሥራ ስንጽፍ፣ ባራክ ኦባማ ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት ለስምንት ዓመት ገደማ የኢሊኖይ ስቴት ሴኔት አባል እንደነበሩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሰን አልፈን ነበር። ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የመጡት በዚያች ዐረፍተ ነገር ምክንያት ነው። ጥያቄዎቹ የሚቀራረቡ በመሆናቸው የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል። የአሜሪካ ዓመታት በእነሱ፣ የአገራችን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ አቶ ኦባማ ወደ ስቴቱ ሴኔት የገቡት ገና ስማቸው ሳይታወቅ እንደሆነ አነባለሁ። ስም የሌለው ሰው አንድን ነባር የምክር ቤት አባል አሸንፎ እንዴት ሊገባ ቻለ? ቅስቀሳቸውስ ምን ይመስል ነበር? (የሕግ ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ነባሯን አባል በድምፅ አላሸነፏቸውም፤ ስማቸው በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ እንዳይወጣ አደረጉ እንጂ። የቺካጎ ደቡባዊ ክፍል የኮንግረስ ተወካይ የነበሩት ሜል ሬይኖልድስ በወንጀል ተከሰው መቀመጫቸው ሲናጋ፣ የኢሊኖይ 13ኛ ምርጫ ክልል የስቴት ሴኔት አባል አሊስ ፓልመር ለዚያ የፌዴራል መቀመጫ ለመወዳደር ተነሡ፤ በእሳቸው ቦታ የሚተካውም ወጣቱ ጠበቃ ኦባማ እንዲሆን ድጋፋቸውን ሰጡ። ኦባማም በመስከረም 1995 ዕጩነታቸውን አስታወቁ። በዚያን ጊዜ የ34 ዓመት ሰው ሲሆኑ፣ ከ1985 ጀምሮ በቺካጎ ደቡብ ሰፈሮች ነዋሪዎችን ሲያደራጁ ቆይተው፣ ሃርቫርድ ሕግ አጥንተው ተመልሰው፣ በ1992 ደግሞ ሰፊ የመራጮች ምዝገባ ዘመቻ መርተው ነበር። ይህን የመጨረሻውን ልብ ይሏል፤ ከቅስቀሳ ንግግር ይልቅ የመራጮችን መዝገብ የሚያውቅ ሰው መሆናቸው በኋላ ለጠቀማቸው ነገር መነሻ ነው።

በኅዳር 1995 በተደረገው የዴሞክራቶች ፓርቲ ልዩ የውስጥ ምርጫ፣ ማለትም ፓርቲው ለፌዴራሉ መቀመጫ የሚያቀርበው ዕጩ በሚለይበት ምርጫ፣ ፓልመር ሦስተኛ ወጡ። አሸናፊው የታዋቂው ሰባኪና ፖለቲከኛ ልጅ ጄሲ ጃክሰን ትንሹ ነበሩ፤ ሁለተኛ የወጡትን የኤሚል ጆንስን ስም አንባቢ ይያዝልን፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ፓልመር ከተሸነፉ በኋላ የድሮ መቀመጫቸውን ፈለጉ። ደጋፊዎቻቸው ኦባማን ጠርተው ዕድሜዎ ገና ነው፣ ለዛሬ ይልቀቁላቸው ቢሏቸውም ኦባማ እምቢ አሉ። ስለዚህ ፓልመር በጥድፊያ የድጋፍ ፊርማ አሰባስበው አቀረቡ።

ክርክሩ የተቆረጠው በእነዚህ ፊርማዎች ላይ ነው። በውስጥ ምርጫው ለመወዳደር የሚያስፈልገው ሕጋዊ ፊርማ 757 ብቻ ሲሆን፣ ፓልመር ያቀረቡት ከ1,500 በላይ ስለነበር እጥፉን ያሟሉ ይመስል ነበር። የኦባማ ሰዎች ግን ወደ ከተማው የምርጫ ቦርድ ቢሮ ሄደው፣ ፊርማዎቹ ካሉባቸው ወረቀቶች ጎን የመራጮችን መዝገብ ዘርግተው ስም በስም ማመሳከር ጀመሩ። ይህኛው ከምርጫ ክልሉ ውጭ ይኖራል፤ ያኛው በመራጭነት አልተመዘገበም፤ ሌላው በመፈረም ፈንታ ስሙን በተነጣጠለ ፊደል ጽፏል፤ ፊርማ ያሰባሰበው ሰው ራሱም በአግባቡ የተመዘገበ አይደለም። እያሉ ሲሰርዙ ቀሪው ከ757 በታች ወረደና ፓልመር ራሳቸውን ከውድድሩ አገለሉ። ሌሎቹ ሦስት ተወዳዳሪዎችም በተመሳሳይ አቤቱታ ተሰረዙ። በመጋቢት 1996 በተደረገው የዴሞክራቶች የውስጥ ምርጫ ኦባማ ያለ ተቀናቃኝ ቀረቡ፤ አካባቢው ከጥንት ጀምሮ ለዴሞክራቶች የሚያደላ ስለነበር የኅዳሩ አጠቃላይ ምርጫ እምብዛም ጥርጣሬ አልነበረበትም።

ድርጊቱ ሕጋዊ ስለመሆኑ ጥርጥር የለም። ፍትሐዊ ነው ወይ ለሚለው ግን የዚህ ዓምድ አዘጋጅ መልስ ቀዝቃዛ ነው። መራጩ ከአምስት ሰው አንዱን የመምረጥ ዕድሉን ያጣው በፊርማ ቅርጽና በአድራሻ ስሕተት ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሕጉን አክብሮ 757 ፊርማ በንጽሕና ማቅረብ ያቃተው ነባር ፖለቲከኛ የሚወቅሰው ሰው ማን ሊሆን ነው? የሕግ ተማሪ እንደመሆንዎ፣ በእኛም አገር በ2011 የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 አንድ አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመሥረት የ10,000፣ ክልላዊ ፓርቲ ለመመሥረት ደግሞ የ4,000 መሥራች አባላትን ፊርማ እንደሚጠይቅ ሲያነቡ፣ ቁጥሩን ብቻ አይዩ። ፊርማው እንዴት ይመሳከራል፣ ማን ይቃወማል፣ አቤቱታውን ማን ይሰማል የሚሉትን ድንጋጌዎች ፈልገው ያንብቡ። የጋዜጣ ርዕስ የማይሆኑት እነዚህ አንቀጾች ማን ተወዳዳሪ እንደሚሆን ይወስናሉ።

ጥያቄ፦ በሥነ ዜጋ ክፍል ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝን ልጠይቅ። ኦባማ በስቴቱ ሴኔት ስምንት ዓመት ምን ሠሩ? ብዙ ጊዜ ድምፀ ተዓቅቦ ያደርጉ ነበር ተብሎም ይወራል። ያ ትክክል ከሆነ እንዴት ይታያል? (መምህር፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት ከመጨረሻዎቹ ሁለት መለየት ያስፈልጋል፤ ልዩነቱን የፈጠረው ደግሞ የኦባማ ትጋት ብቻ አይደለም።

የኢሊኖይ ምክር ቤት ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ የሚሰበሰብ፣ 59 አባላት ያሉት ሴኔትና 118 አባላት ያሉት የታችኛው ምክር ቤት ያሉት ነው። ኦባማ በጥር 1997 ሲገቡ ሴኔቱ በሪፐብሊካኖች እጅ ነበር። የአናሳው ፓርቲ አባል ያቀረበው ረቂቅ በአብላጫው ፓርቲ ቁጥጥር ሥር ወዳለ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ይላክና በዚያው ተኝቶ ይቀራል፤ ውድቅ ተደረገ እንኳን አይባልም። በዚህ ዘመን አናሳ አባል አንድ ነገር ማሳለፍ የሚችለው ከማዶው ወገን ተባባሪ ሲያገኝ ነው። ኦባማ በ1998 ሹማምንት የሚቀበሉትን ስጦታ የሚገድበውን ሕግ ያሳለፉት በዚህ መንገድ ነው። ማታ ማታ ከሁለቱም ፓርቲ አባላት ጋር ቁማር ይጫወቱ እንደነበር ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ለጨዋታው ሲሉ ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ይህን የአናሳ ኑሮ በእኛም አገር እናውቀዋለን። በ1997 ምርጫ ቅንጅት በአማራ ክልል ምክር ቤት ከ294 መቀመጫዎች ከ100 በላይ አሸንፎ ነበር፤ በፌዴራል ደረጃ ደግሞ ተሰናባቹ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከምርጫው በኋላ የአሠራር ደንቡን አሻሽሎ፣ ቀድሞ በ20 አባላት ይያዝ የነበረው አጀንዳ ከግማሽ በላይ የሆኑ አባላት ካልደገፉት እንዳይያዝ አደረገ። ተማሪዎችዎ "መቀመጫ ማግኘት" እና "መናገር መቻል" ለየብቻ የሚገኙ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አያገኙም።

ወደ ኢሊኖይ እንመለስ። በ2003 ነገሩ የተገለበጠው በዕጣ ነው፤ በምሳሌ መናገራችንም አይደለም። በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ስለሚካሄድ የምርጫ ክልሎች ወሰንም ከቆጠራው በኋላ እንደገና ይሠመራል። በኢሊኖይ ሁለቱ ፓርቲዎች በወሰኑ ካልተስማሙ እኩል በእኩል የተከፈለ ስምንት አባላት ያሉት ኮሚሽን ይቋቋማል፤ እሱም ካልተስማማ ዘጠነኛው አባል ከየትኛው ወገን እንደሚሆን እንደ ዕቁብ ዕጣ ይወጣል። በ1991 ዕጣው ለሪፐብሊካኖች ደርሷቸው ስለነበር ካርታውን እነሱ ሠሩት፤ በዚያ ካርታ የመጣው ሴኔት ነው ኦባማን ለስድስት ዓመት አናሳ ያደረጋቸው። በ2001 የስቴቱ ጸሐፊ የአብርሃም ሊንከንን ባርኔጣ በሚመስል ባርኔጣ ውስጥ እጃቸውን ከትተው ሲያወጡ የዴሞክራቶቹ ስም ወጣ። በአዲሱ ካርታ የኦባማ 13ኛ ምርጫ ክልል ከደቡብ ቺካጎ ተነሥቶ በሐይቁ ዳርቻ እስከ ሀብታሞቹ ሰሜናዊ ሰፈሮች እንዲዘልቅ ተደረገ። በኅዳር 2002 ምርጫ ዴሞክራቶች አብላጫውን ያዙ፤ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት የሆኑትም እነዚያ በ1995 ምርጫ ሁለተኛ የወጡት ኤሚል ጆንስ ነበሩ። ጆንስ ኦባማን የጤናና የሰብአዊ አገልግሎት ኮሚቴ ሰብሳቢ ከማድረጋቸውም በላይ ዋና ዋና ረቂቆችን በስማቸው እንዲያቀርቡ ዕድል ሰጧቸው።

በ2003 ከወጡት ሁሉ የሚበልጠው በግድያ ወንጀል የተጠረጠረ ሰው በፖሊስ ሲመረመር ምርመራው ሙሉ በሙሉ እንዲቀረጽ የሚያስገድደው ሕግ ነው። የመነሻው ታሪክ ከባድ ነው። በኢሊኖይ ሞት ተፈርዶባቸው በኋላ ንጹሕ ሆነው የተገኙ ሰዎች በመብዛታቸው የስቴቱ አስተዳዳሪ ጆርጅ ራያን በ2000 የሞት ቅጣት አፈጻጸምን አግደው ነበር፤ ከስሕተቶቹ ምንጮች አንዱም በተዘጋ ክፍል ውስጥ በዛቻና በድብደባ የተገኘ የእምነት ቃል ነበር። ፖሊሶችና ዐቃብያነ ሕግ መጀመሪያ ላይ ረቂቁን ተቃወሙት። ኦባማ ከሁሉም ጋር በተከታታይ ተቀምጠው፣ ቃል ሲያስጨምሩና ሲያስቀንሱ ቆይተው፣ ረቂቁ በሴኔቱ ያለ አንድ የተቃውሞ ድምፅ አለፈ። ኢሊኖይም ይህን በምክር ቤት ሕግ የደነገገ የመጀመሪያው ስቴት ሆነ። አንድ የስቴት ሕግ አውጪ ሊሠራው ከሚችለው ሥራ ይህን የሚያህል ብዙ የለም።

ስለ ድምፀ ተዓቅቦው የተወራው እውነት ነው፤ ወደ 130 ጊዜ ገደማ "ተገኝቻለሁ" የሚለውን ድምፅ ሰጥተዋል፤ በኋላም ተቀናቃኞቻቸው ወስኖ የማይቆም ሰው ነው እያሉ ተጠቅመውበታል። ሆኖም በኢሊኖይ ሴኔት ረቂቅ የሚያልፈው ከ59ኙ አባላት የ30ዎቹን ድጋፍ ሲያገኝ ስለሆነ ያልደገፈ ሁሉ ውጤቱ እንደተቃወመ ነው፤ ፓርቲዎችም በጋራ የሚጠቀሙበት ዘዴ ነበር። በእኛ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 59 መሠረት ውሳኔ የሚተላለፈው በስብሰባው ተገኝተው ድምፅ በሰጡ አባላት አብላጫ ነው። ድምፀ ተዓቅቦ ክብደቱ በየምክር ቤቱ የተለያየ መሆኑን ለተማሪዎችዎ በስሌት ሊያሳዩአቸው ይችላሉ፤ ጥሩ የክፍል ሥራ ይወጣዋል።

ጥያቄ፦ ኦባማ በአንድ ምርጫ ክፉኛ ተሸንፈው ነበር ሲባል ሰምቼ፣ ተሸንፈውም በምክር ቤቱ መቀጠላቸው አልገባኝም። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ይቻላል? (ነጋዴ፣ ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ የተሸነፉት ለሌላ መቀመጫ ነው። በ2000 የፌዴራሉን ኮንግረስ አባል ቦቢ ረሽን በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ገጥመው፣ ረሽ 61 በመቶ ሲያገኙ ኦባማ 30 በመቶ አገኙ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ረሽ በአካባቢው የቆየ የትግል ስም ነበራቸው፤ ልጃቸው በጥይት ተገድሎ የሕዝቡ ሐዘኔታ ከእሳቸው ጋር ነበር፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተንም ደገፏቸው። በዚያ ላይ ኦባማ ቤተሰባቸውን ይዘው ሃዋይ ሄደው፣ ልጃቸው ታማባቸው በስፕሪንግፊልድ አንድ ወሳኝ የጦር መሣሪያ ሕግ ድምፅ ሳይሰጡበት አመለጣቸው። የምክር ቤት አባል በድምፅ ቀን ያለመገኘቱ ያህል የሚያስወቅሰው ነገር የለም፤ ሰበቡ ምንም ያህል የሚያሳዝን ቢሆን።

መቀመጫቸውን ያተረፈላቸው የቀን መቁጠሪያው ነው። የኢሊኖይ ሴኔት የሥራ ዘመን በአሥር ዓመት ውስጥ አንዴ ሁለት፣ ሁለቴ ደግሞ አራት ዓመት እየሆነ ይከፋፈላል። ኦባማ በ1996 ለሁለት ዓመት፣ በ1998 ለአራት ዓመት ስለተመረጡ በ2000 የስቴቱ መቀመጫቸው ለምርጫ አልቀረበም፤ ቢሸነፉ የሚያጡት ገንዘብና ክብር እንጂ ወንበር አልነበረም። በ2004 ለፌዴራል ሴኔት ሲወዳደሩም እንዲሁ ነበር። ያኔ ግን በመጋቢት በሰባት ተወዳዳሪዎች መካከል 53 በመቶ፣ በኅዳር ደግሞ 70 በመቶ አግኝተው ወጡ።

በእኛ አገር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ሆነ የክልል ምክር ቤት የሥራ ዘመን አምስት ዓመት ሲሆን፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 እንደተደረገው ሁሉ የሁለቱም ምርጫ በአንድ ቀን ይካሄዳል። ስለዚህ አንዱን ወንበር ይዞ በሌላው ዕድልን መሞከር የሚባል ነገር ብዙም ቦታ የለውም። ጸጥታው ባለመፍቀዱ በዚያ ቀን ድምፅ ሳይሰጥ የቀረባቸው ምርጫ ክልሎች እንደነበሩ እርስዎም ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። በእኛ እምነት የሁለቱ ምርጫ በአንድ ቀን መሆን ወጪ ቢቀንስም የክልሉን ምክር ቤት በፌዴራሉ ጥላ ሥር ይጥለዋል፤ መራጩ በፓርቲዎቹ አገራዊ ክርክር ተይዞ ለክልል የሚወዳደሩትን ስማቸውን እንኳን ሳያነብ ምልክት አድርጎ ይወጣል። በአንድ ምርጫ ክልል ለክልል ምክር ቤት የሚመረጠው ከአንድ ሰው በላይ ሊሆን መቻሉ ደግሞ የዕጩዎቹን ዝርዝር ያረዝመዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የመረጥነው የክልል ምክር ቤት አባል ካላገለገለን ይውረድልን ማለት እንችላለን? ሰሜን ሸዋ ሁለት ናቸውና የእኛ ተወካይ የሚቀመጠው የት እንደሆነ ለወጣቶቹ ብታስረዱልን። (ከዓለም ከተማ)

መልስ፦ ከሁለተኛው እንጀምር፣ አባታችን። ከዓለም ከተማ ተነሥቶ ጀማን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ሙከጡሪ ሲደርስ ያለው ሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ ነው፤ የተነሣውም ከሰሜን ሸዋ ዞን ነው። የተነሣበት ዞን ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን ሆኖ በአማራ ክልል፣ የደረሰበት ደግሞ ዋና ከተማው ፍቼ ሆኖ በኦሮሚያ ክልል ይገኛል። የመርሐቤቴ ሰው የሚወከለው ባሕር ዳር በሚሰበሰበው 294 መቀመጫ ባለው ምክር ቤት ሲሆን፣ የሰላሌ ሰው የሚወከለው 537 መቀመጫ ባለው ጨፌ ኦሮሚያ ነው።

ይውረድልን የማለት መብት በሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል፤ አንቀጽ 54 ደግሞ ይህንኑ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ይደግመዋል። አፈጻጸሙ በዝርዝር ሕግ የሚመራ ስለሆነ መብቱን በሥራ ላይ ለማዋል ቁጣ ብቻ አይበቃም፤ እዚህም የመራጩ ፊርማና ማመሳከሪያው ይመጣል። ኢሊኖይ በዚህ ረገድ ከእኛ ጠባብ ነው። እስከ 2010 ድረስ ማንንም ማውረድ አይቻልም ነበር፤ በዚያ ዓመት የተፈቀደውም የስቴቱን አስተዳዳሪ ብቻ ሲሆን፣ ለዚያውም ፊርማ ማሰባሰብ የሚጀመረው ከሁለቱም ፓርቲ የሆኑ 20 የታችኛው ምክር ቤትና 10 የሴኔት አባላት ከተስማሙ በኋላ ነው። የምክር ቤት አባልን መራጩ የሚያሰናብተው በሚቀጥለው ምርጫ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ኦባማ ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ በስቴቱ ሴኔት የነበራቸውን ቦታ ማን ያዘው? እንደገና ምርጫ ተደረገ? (የሕግ ተማሪው፣ በተከታይ መልእክት)

መልስ፦ ምርጫ አልተደረገም። በኢሊኖይ ሕግ የስቴት ምክር ቤት መቀመጫ በሥራ ዘመን መካከል ሲለቀቅ፣ ለቅቆ የሄደው አባል የነበረበት ፓርቲ የአካባቢው ኮሚቴ አባላት ተሰብስበው ተተኪ ይሾማሉ። በኅዳር 2004 የ13ኛውን ምርጫ ክልል የፓርቲ ኮሚቴ አባላት ያሳመኑት ከሄይቲ ከመጡ ወላጆች የተወለዱት ጠበቃ ክዋሜ ራውል ነበሩ። ራውል በመራጩ ፊት የቀረቡት ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ፣ ቀደም ሲል ተቀምጦበታል በሚል ጥቅም ነው፤ ከዚያም በመቀመጫው ለዓመታት ቆይተው በ2018 የኢሊኖይ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነው ተመረጡ። በእኛ የምርጫ ሕግ ግን የተጓደለ መቀመጫ የሚሞላው በማሟያ ምርጫ ነው፤ የሚያካሂደውም ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ እንጂ የፓርቲ ኮሚቴ አይደለም።